ቡናው አለቀ፤ እሳቱስ?

ቡና ማፍላት በአገራችን ትልቅ ሥራ ነው። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ ረከቦቱ ይቀርባል፤ ከሰሉ ይቀጣጠላል፤ ቡናው ታጥቦ ይቆላል፤ ጢሱ በእንግዶቹ ፊት ይዞራል፤ ከዚያም ተወቅጦ በጀበና ይፈላል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው በየተራው ይቀዳል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ ሽማግሌ ይመርቃል። ስለዚህ ሥርዐት ያልተነገረና ያልተዘፈነ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ማንም ስለማያወሳው ስለ መጨረሻው ነገር ነው። ይኸውም በረካው ተጠጥቶ፣ እንግዳው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ከሄደ በኋላ፣ በማንደጃው ላይ ስለሚቀረው ፍም ነው። እሳቱን ለማንደድ ሥርዐት አለን፤ እሳቱን ለማጥፋት ግን ሥርዐት የለንም።

ይህ አሳብ የመጣብኝ በመተማ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ነጋዴ ባሕርን፣ ገንዳ ውኃንና ኮኪትን አልፎ፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ከወደቁበት ከመተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከድልድዩ ማዶ ገላባት፣ ሱዳን ነው። አገሩ ሰሊጥና ጥጥ አብቃይ ቆላ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። ከቆርቆሮው ቤት ጎን የሣር ክዳን ጎጆ፣ ከጎጆው ጎን የሽመል አጥር፣ ከአጥሩ ሥር የደረቀ ሣር አለ። እንዲህ ያለው ስፍራ ለአንዲት ፍም እንደ ተዘጋጀ ማገዶ ነው።

በአንድ የጥር ቀን ከምሳ በኋላ በአንድ ግቢ፣ በዳስ ጥላ ሥር ቡና ተጠርቼ ተቀምጬ ነበር። ቡና የምታፈላው ሴት ከንጋት ጀምሮ ስትሠራ የዋለች ናት። በረካው ካለቀ በኋላ ማንደጃዋን አንሥታ ዐመዱን እንደ ልማዷ ከአጥሩ ጀርባ ደፋችው፤ ሲኒዋንም ልታጥብ ሄደች። እኛ ወሬያችንን ቀጠልን። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ነፋሱ ነሣ አደረገና «እሳት!» የሚል ጩኸት ሰማን። አጥሩ ተያይዟል። ከአጥሩ ቀጥሎ ያለው የጎረቤት ጎጆ ክዳኑ ተቀጣጥሏል። በውስጡ የተኛውን ሕፃን አንድ ወዛደር ዘሎ ገብቶ አወጣው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። ነገር ግን ጎጆው፣ ልብሱ፣ ለዘር የተቀመጠው ሰሊጥም ሳይቀር ዐመድ ሆነ። የጎጆው ባለቤት ለሥራ ወጥቶ ነበርና ሲመለስ ያገኘው ጥቁር መሬት ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ደረቷን እየመታች «ጠፍቶ ነበር እኮ! ዐመድ ነው ብዬ እኮ ነው!» ትላለች። ከእኛ ጋር ቡና ሲጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ዐመድማ የእሳት ጋቢ ነው» አሏት። ይህን ሲሉ ሊወቅሷት አልነበረም። እኔ ግን ቃላቸውን ይዤው ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ሳስበውም ነገሩ ሁሉ በዚያች ቃል ውስጥ እንዳለ ተረዳሁ።

ለምን ቢሉ፣ እናቶቻችን ዐመድን የሚያውቁት በማጥፊያነቱ ሳይሆን በማቆያነቱ ነው። ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የጥሩ ባለቤት ሙያ እሳትን ማዳፈን ነበር። ማታ ፍሙን በዐመድ ትሸፍነዋለች፤ ዐመዱ አየሩን ቀንሶ ፍሙ ፈጥኖ እንዳያልቅ፣ ሙቀቱም እንዳይበርድ ያደርገዋል፤ ጧት ገለጥ አድርጋ እፍ ስትለው ይነሣል። እሳቱ የጠፋባት ከጎረቤት ልትጭር ትሄዳለች። እንግዲህ ያ ዕውቀት ዛሬም አልጠፋም፤ የጠፋው ትርጉሙ ነው። ከላይ ዐመድ ለብሶ የምናየው ፍም የሞተ ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን ሴት አያቶቻችን ለነገ ያቆዩት የነበረው ፍም ነው። ለብዙ ሰዓት በሕይወት ይኖራል፤ ነፋስ ጋቢውን የገፈፈው ጊዜ ይነሣል። ድሮ የባለሙያ ምልክቷ እሳት ማቆየት ነበረ፤ ክብሪትና ላይተር በየሱቁ ባለበት በዛሬው ዘመን ግን እሳት ማጥፋትን ማወቅ ሌላው ሙያ ሊሆን ይገባል።

ይህ የበጋው አደጋ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ አደጋው መልኩን ይለውጣል። ዝናቡ ሲመጣ ማንደጃው ከዳሱ ወደ ቤት ይገባል። ቆላው የወባ አገር ስለ ሆነ በሩ በጊዜ ይዘጋል፤ አጎበሩም በአልጋው ላይ ይዘረጋል። ቡናው ካለቀ በኋላ ፍሙ «ለቢምቢው ይሁን» ተብሎ ወይም ዕጣን ተነስንሶበት በዚያው ያድራል። በአንድ በኩል ነፋስ ያወዛወዘው አጎበር ፍሙን ከነካ ያው ነው። በሌላ በኩል ግን ከነበልባሉ ይልቅ የማይታየው ነገር ይከፋል። ከሰል ሲግል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ንጥረ ነገር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይይዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፤ አካሉ ግን አየር ያጣል። በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ከዚያም ጉልበት ስለሚከዳ በሩን ልክፈት ቢል አይችልም። የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱን እንኳ ሳያውቀው ይቀራል። ብዙ ሰው «ጢስ የለውምና አይጎዳም» ይላል፤ ገዳዩ ስሕተት ይኸው ነው። ጢስ ቢኖረውማ አስነጥሶ ባስወጣን ነበር።

ሦስተኛው ጉዳት ከከተማ ውጭ ያለው ነው። በመተማና በቋራ በረሓ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። በቡናችን ላይ የምናጤሰው ዕጣን ከዚያ ዛፍ የሚፈስ ሙጫ ነው። በበጋው ዕጣን የሚያደሙት፣ ከብት የሚጠብቁት፣ ሰሊጥ የሚያጭዱት ሁሉ በዱር ቡናና ሻይ ያፈላሉ፤ ጉልቻውን ትተው ይሄዳሉ። ክረምት ያበቀለው ረጅም ሣር ደግሞ ያን ጊዜ ደርቋል። በመተማ አካባቢ ከ6,000 በላይ የዕጣን ዛፎችን የተከታተሉ የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ባወጡት ጥናት ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ፣ ዛፉም በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ 90 እጁ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ከምክንያቶቹም መካከል የሰደድ እሳት፣ የከብት ግጦሽና ግንድ የሚበላ ጥንዚዛ ተጠቅሰዋል። ትልቁ ዛፍ ሲሞት የሚተካው ችግኝ የለም፤ ችግኙን ከብት ይበላዋል ወይም እሳት ይፈጀዋል። እንግዲህ ሳናጠፋው በተውነው የቡና እሳት ነገ ለቡናችን የሚሆነውን ዕጣን እያቃጠልን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታስሮ በማሳው ላይ የቆመውን ሰሊጥ አንዲት ብልጭታ ብታገኘው ደግሞ የገበሬው የዓመት ድካም በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግረዋል። የሱዳን ሰው እንደኛው ቡናውን በጀበና ያፈላል፤ ዝንጅብልም ይጨምርበታል። ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው ከሁሉ በፊት ሰው መሆኑን የሚያስታውሰው ያች ሲኒ ናት፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ነገር ግን የላስቲክ ድንኳን ከሣር ጎጆ የባሰ እሳት ወዳድ ነው፤ ድንኳኑም ከድንኳኑ ጋር የተጠጋ ነው። ስለዚህ የእሳት ምክር የሚሰጥ ሰው ለነባሩም ለመጤውም በየቋንቋው ሊሰጥ ይገባዋል።

«ይህ ሁሉ ከሰል ያመጣው ጣጣ ነው፤ በኤሌክትሪክ ማፍላት ነው እንጂ» የሚል አይጠፋም። ኤሌክትሪክም ቢሆን ሰው ካላጠፋው አይጠፋም። ምድጃው ተሰክቶ ጀበናው ተጥዶ ሳለ መብራት ይሄዳል። ባለቤቲቱ ትጠብቅ ትጠብቅና ቤቷን ቆልፋ ትወጣለች፤ መብራቱ ማንም በሌለበት ይመጣል። ውኃው ያለቀበት ጀበና ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። መብራት የሄደ ጊዜ በመጀመሪያ መደረግ ያለበት ሶኬቱን መንቀል ነው።

በአውሮፓ የቤት ውስጥ የቡና መኪናዎች ከሥራ በኋላ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያጠፉ ሕግ ተደንግጓል። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ለገበያ የሚቀርበው መኪና እንደየዓይነቱ ከ5 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጥፋት አለበት። ሕጉ የወጣው ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ነው፤ ይሁንና ከጀርባው ያለው አሳብ ለእኛም ይጠቅመናል። ሕግ አውጪዎቹ ቡናውን የጠጣ ሰው መኪናውን እንደሚረሳው ዐውቀዋል። የሰውን መርሳት እንደ ኀጢአት ከመቁጠር ይልቅ መድኀኒት ፈለጉለት። የኛ ማንደጃ እንዲህ ያለ ብልሐት የለውም፤ ስለዚህ ብልሐቱ በልማዳችን ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ልማዱስ ምን ይሁን? አስቸጋሪ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ፣ ጀበናው ከእሳት ሲወርድ በማቶቱ ላይ ጸንቶ፣ ሕፃን ከማይደርስበት ይቀመጥ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ፍሙ አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ተለቅሞ ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ ይከተት፤ ዕቃውም ደጅ ይቀመጥ። አየር ያጣ ፍም ይሞታል። በሦስተኛ ደረጃ፣ የቀረው ዐመድ ከቤት ውጭ ራቅ ተብሎ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይረጭበት፤ በአንድ ጊዜ ከተደፋበት እንፋሎቱና ትኩስ ዐመዱ ፊት ይለበልባል። ከዚያ በእንጨት ይማሰልና እንደገና ይረጭ። በመጨረሻም ከአጥርና ከሣር ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋ። ዕጣን ማጨሻውም አይረሳ፤ እርሱም ትንሽ ማንደጃ ነው። ትኩስ ቡና ወይም ፍም ያቃጠለው ሰው ቢኖር ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት፤ ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

«ከሰል ውድ ነው፤ ፍሙን ለወጥ ነው የምናቆየው» የምትል እመቤት ትኖራለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን በክዳን የታፈነው ፍም ዐመድ አይሆንም፤ ከሰል ሆኖ ይቀራል፤ ነገ ከአዲሱ ከሰል ይልቅ ፈጥኖ ይያያዛል። ተዳፍኖ ያደረው ግን ቀስ በቀስ ነድዶ ያልቃል። እንግዲህ ማጥፋቱ ራሱ ቁጠባ ነው። አንድ ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ካልተገኘ ባዶ የዘይት ቆርቆሮና ለክዳን የሚሆን ቁራጭ ቆርቆሮ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በዚያ ቀን የጎጆው መቃጠል በማን ላይ ተላከከ? በቡና አፍዪዋ ላይ። ሰፈሩ ሁሉ «ዝርክርክ» አላት። እኔ ግን በበኩሌ ጥፋቱ የእርሷ ብቻ ነው አልልም። ሦስት ስኒ ጠጥተን፣ ቁርሱን በልተን፣ መርቀን፣ ተቀምጠን ስናወራ የነበርን ስድስት ሰዎች ነን። የቆላችው፣ የወቀጠችው፣ የቀዳችው፣ ያጠበችው እርሷ ናት። ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ማንደጃውን ወዲህ በይ» ቢላት ኖሮ ያ ሕፃን በሰው እጅ ተነጥቆ ከእሳት ባልወጣ ነበር። እሳቱን ያጠፋ ወንድ ክብሩ አይቀነስበትም፤ የተቃጠለ ጎጆ ሲታይ ባልዲ ይዞ መሮጥን ከወደደ፣ ሳይቃጠል መነሣትን ለምን ይፈራል? የሀገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያለው እንዲሁ ለወግ አይደለም።

ስለዚህ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የበረካው ምርቃት ፍሙ ታፍኖ ክዳኑ ሳይገጠም አይሰጥ። መራቂው ሽማግሌ ወይም ሼኽ «እሳቱስ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከእንግዶቹ በዕድሜ የሚያንሰው ይነሣና ያጥፋ፤ ከዚያ በኋላ «ቤታችሁን ይባርክ» ይባል። ይህን ለማድረግ ገንዘብም አዋጅም አያስፈልግም። መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ የጤና ሠራተኞች ስለ ወባ ሲመክሩ፣ የእርሻ ባለቤቶች ለአጫጆቻቸው ቢነግሩት በአንድ በጋ ልማድ ሊሆን ይችላል።

ያቺ ሴት ከዚያ ወዲህ ቡና ታፈላለች። ማንደጃዋ አጠገብ ክዳን ያለው አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ አይቻለሁ። ጎጆው የተቃጠለበት ጎረቤቷም ሰፈሩ ሣርና ሽመል አዋጥቶ ሠርቶለት በአዲሱ ቤቱ ገብቷል፤ ቡናም ከእርሷ ጋር ይጠጣል። በመጨረሻ የተገናኘን ዕለት በረካው አልቆ ሁላችንም ልንነሣ ስንል፣ እርሱ ምንም ሳይናገር መቆንጠጫውን አንሥቶ ፍሙን መልቀም ጀመረ። ሽማግሌውም ጨርሶ ክዳኑን እስኪገጥም ጠብቀው መረቁ።