ይህ ከምን ተሠራ?



በቪየና፣ በሙኒክ ወይም በፍራንክፈርት የሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ደጋግሞ የሚገጥማቸው ጉዳይ አለ። የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት «ኑ፣ የአገራችንን ምግብ እንጋብዛችሁ» ይላል። ግብዣውን መግፋት ጉርብትናን ያሻክራል፤ የቀረበውን ሁሉ መብላት ደግሞ ዲንን ይጎዳል። ታዲያ ምን ይደረግ?

ብዙዎቻችን «የአሳማ ሥጋ አይደለም» ከተባልን ልባችን ያርፋል። ነገር ግን ሐራሙ በማብሰያውም ውስጥ ሊሰወር ይችላል። ታዋቂውን ሽኒትዝል እንውሰድ። በኦስትሪያም ሆነ በጀርመን «ቪነር ሽኒትዝል» ተብሎ ብቻ የተጻፈው ከጥጃ ሥጋ መሠራት አለበት፤ ከአሳማ ከሆነ ስሙ ይህን መግለጽ ይኖርበታል። ይሁንና ጥጃውም ቢሆን በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ዛወርክራውት የሚባለው የኮመጠጠ ጎመን ብዙ ጊዜ የአሳማ ጮማ ይገባበታል፤ ቀዩ ጥቅል ጎመንም በወይን ጠጅ ሊበስል ይችላል። ጣፋጩም ቢሆን መጠየቅ ያሻዋል። ካይዘርሽማረን በተባለው የእንቁላል ቂጣ ውስጥ ያለው ዘቢብ ብዙ ጊዜ በአልኮል ይዘፈዘፋል፤ «የጥቁር ደን» የሚባለው የታወቀ ኬክ ደግሞ የቼሪ አረቄ አለበት።

ከታኅሣሥ 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያሉ ምግብ ቤቶች አለርጂ የሚያስነሡ 14 ነገሮችን ለደንበኛ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። በኦስትሪያ ከምግቡ ስም አጠገብ የሚታዩት ፊደላት እነዚህን የሚያመለክቱ ናቸው። አሳማም ሆነ አልኮል ግን ከ14ቱ ውስጥ በስማቸው አልተካተቱም። በመሆኑም ፊደላቱን አይቶ መተማመን አይቻልም፤ አስተናጋጁን መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው። ለዚህም አራት ቃላት ይበቃሉ፦ ሽቫይን ማለት አሳማ፣ ሽፔክ ማለት የአሳማ ጮማ፣ ሽማልትስ ማለት የቀለጠ ስብ፣ ቫይን ማለት ወይን ጠጅ ነው። ልጆቻችንም ይወቋቸው።

የአስተራረዱም ጉዳይ አለ። በሁለቱም አገሮች እንስሳውን ከመታረዱ በፊት ማደንዘዝ የተለመደ አሠራር ሲሆን፣ በዚህ ዓይነት ሥጋ ላይ የዑለሞች አስተያየት ይለያያል። ከጥርጣሬ ለሚርቅ ግን ዓሣ አለለት፤ ዓሣ እርድ አያስፈልገውም። ፎረለ የተባለው የወንዝ ዓሣ በዱቄት ተለውሶ በቅቤ ተጠብሶ ከድንች ጋር ይቀርባል። ለመጠጥም የፖም ጭማቂ ከአምቦ ውኃ መሰል ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል፤ አፕፈልሾርለ ይሉታል። መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ መቀመጥ እንደተከለከለም በሐዲስ ተዘግቧልና፣ ቦታውን ቀድሞ መምረጥ ብልህነት ነው። አመሻሽ ላይ ቢራ ቤት ከመገናኘት ይልቅ ረፋድ ላይ ቡና ቤት መገናኘት ይቻላል።

በተለይ ወጣቶች ከጓደኞቻቸው የተለዩ መስሎ እንዳይታዩ ሲሉ ከመጠየቅ ያፍራሉ። ይሉኝታ ግን ሐራምን ሐላል አያደርግም። ደግሞስ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? በአገራችን ክርስቲያን ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ ለብቻ ያሳርዳል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያስባል። በዚህ ማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም መከባበር ነው። ኦስትሪያዊው ወይም ጀርመናዊው ጋባዥም ምክንያቱን በፈገግታ ከነገርነው ይረዳናል።

እናትና አባት በልጆቻቸው ፊት «ይህ ከምን ተሠራ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ወላጁ ሲያፍር ያየ ልጅ ማፈርን ይማራል፤ ወላጁ ሲጠይቅ ያየ ልጅ ግን ብቻውን በሆነ ጊዜም ይጠይቃል። ከዚያም ጋባዦቻችንን በተራችን ቤታችን ጠርተን እንጀራችንን በሐላል ወጥ እናቅምሳቸው።

አላህ ሲሳያችንን ሐላል፣ ልጆቻችንንም በዲናቸው የማያፍሩ ያድርግልን። አሚን።