ማሳሰቢያ፦ «ሲፕሮ ስጠኝ» ከማለትዎ በፊት

አሥር ፍሬ አሞክሳሲሊን መግዛት ከረሜላ ከመግዛት የማይከብድባቸው መድኃኒት ቤቶች ዛሬም አሉ። ሻጩ ተጠያቂ ነው። ይህ ማሳሰቢያ ግን በተለይ የሚመለከተው ገዢውን ነው፤ «ማዘዣ ይዘው ይምጡ» ሲባል ተቆጥቶ ወደ ጎረቤቱ መድኃኒት ቤት የሚሻገረው እሱ ነውና።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አንቲባዮቲክ በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። ጀርሞች መድኃኒት እንዳይላመዱ ለመከላከል ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ስትራቴጂያዊ ማዕቀፍ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2015 ሌላ ስትራቴጂ ተከተለ፤ ከ2021 እስከ 2025 የተዘጋጀው ዕቅድ ደግሞ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ አየ። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ከ2017 ጀምሮ የትኛው ጀርም ለየትኛው መድኃኒት አልበገር እንዳለ የሚያሳይ መረጃ ከሆስፒታል ላቦራቶሪዎች ይሰበስባል። ባለሙያዎቹ ዓመታት የደከሙበት ይህ ሁሉ፣ አንድ ገዢ «ግድ የለም፣ ስጠኝ» ሲል ይፈርሳል።

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው። ስለዚህ ለጉንፋን የተዋጠው ካፕሱል ጉንፋኑን አልፎ አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያገኛል። ደካሞቹ ይሞታሉ፤ የሚቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ። ይባስ ብሎም የመቋቋሚያ ዘረ-መላቸውን ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ያወርሳሉ። ብዙ ሰው «ሰውነቴ ተላምዶታል» ይላል፤ የሚላመደው ጀርሙ ነው። ስለዚህም ለዓመታት ካፕሱል ያልነካ ሰው እንኳ የተላመደውን ጀርም ከቤተሰቡ ወይም ከሆስፒታል ሊይዝ ይችላል።

ዕዳውን የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ የገባበት አራስ፣ የተለመዱት መድኃኒቶች ካልሠሩለት ሐኪሙ እጅ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ እሱም ውድ ነው፣ አንዳንዴም በከተማው አይገኝም። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ የሞተው ሰው ወደ 1.27 ሚሊዮን ይገመታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ከፍሏል። አሞክሳሲሊን ለተለመዱ ኢንፌክሽኖች በቅድሚያ ከሚመረጡት፣ ከመጀመሪያው ምድብ ነው። ሰፈር ውስጥ ለተቅማጥ ሁሉ የሚመከረው ሲፕሮ፣ እንዲሁም አዚትሮማይሲንና ሴፍትሪአክሶን ግን ጀርሞች በቀላሉ ሊላመዷቸው ስለሚችሉ በጥንቃቄና በክትትል እንዲሰጡ ከተመደቡት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ2024 ያጸደቀው መግለጫ ሰዎች ከሚወስዱት አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ምድብ እንዲሆን ይላል፤ ቀነ ገደቡ 2030 ነው። ጎረቤት ሐኪም ሆኖ ሲፕሮ በሚያዝበት ሰፈር ወደዚህ ግብ እንዴት እንደሚደረስ እንጃ።

እናም፦ ካለፈው ሕመም የተረፈ ካፕሱል ለልጅ ወይም ለጎረቤት አይስጡ። ካፕሱል ፈትተው ዱቄቱን ቁስል ላይ አይነስንሱ፤ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፣ ከመገለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ላም ኦክሲቴትራሳይክሊን ከተወጋች፣ የእንስሳት ሐኪሙ የሚነግርዎት ቀን እስኪያልቅ ወተቷን አይጠጡ፣ አይሽጡም።

ከዚህ ተነሥቶ ሐኪም ያዘዘውን ሁሉ መፍራት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። የታዘዘልዎትን በሰዓቱና በመጠኑ ይውሰዱ፤ ተሽሎኛል ብለው በራስዎ አያቋርጡ። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል፣ መድኃኒት ቤት ሳይዞሩ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።