ለቤታችን ሽማግሌዎች ስለሚገባው ክትባት

በወለጋ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ይበረታል። በነቀምቴም ሆነ በአጠገቧ ባለችው በጉቴ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብርዱን ሸሽተው ከምድጃ ዳር ይውላሉ። በዚያ ጢስ መካከል አንድ አባት ሲያስላቸው ቤተ ሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ይቀባቸዋል። ነገር ግን የሳንባ ምች የተባለው ደዌ በዳማከሴ የሚመለስ አይደለም። በሽማግሌም ላይ ሲመጣ አንዳንድ ጊዜ ትኩሳት ሳይኖረው ድካምና የአእምሮ መደናገር ብቻ ስለሚታይ፥ ቤተ ሰቡ «እርጅና ነው» ሲል የመዳኛው ቀን ያልፋል።

ይህን ደዌ ከሚያመጡት ዋነኛዋ ኒሞኮከስ የምትባል ረቂቅ ተሐዋሲ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. ፓስተር በፈረንሳይ፥ ስተርንበርግ በአሜሪካ ለየብቻቸው አገኙአት። በሳልና በማስነጠስ ትተላለፋለች፤ ከደም ብትገባ ደምን ትመርዛለች፤ ከአንጎል ሽፋን ብትደርስ ማጅራት ገትርን ታመጣለች።

በአገራችን ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። የልጅ ልጆች ሲከተቡ ተሐዋሲዋን ወደ ቤት ማምጣታቸው ስለሚቀንስ ለአያታቸው ጥላ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ጥላው ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ 23 ዓይነት ኒሞኮከስን የሚከላከለው ክትባት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ለሽማግሌዎች ሲሰጥ ኖሯል፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ 50 ዓመት የሞላው ያልተከተበ ሰው ሁሉ ከአዲሶቹ ክትባቶች አንዱን እንዲወስድ ተመክሯል።

ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ሁሉ፥ ዕድሜው ባይገፋም የልብ፥ የሳንባ፥ የኩላሊት፥ የጉበት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት፥ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት፥ ጣፊያው በቀዶ ጥገና የወጣለት፥ ትምባሆ የሚያጨስም፥ «ይህ ክትባት ይገባኛልን? ከወዴትስ ይገኛል?» ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ ዘንድ እንመክራለን። ክትባቱ የሳንባ ምችን ሁሉ አይከለክልምና፥ የተከተበም ቢሆን ደረቱን ሲወጋው ወይም ትንፋሽ ሲያጥረው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫችን ብድግ ማለት ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። ነገር ግን ማክበር በመነሣት ብቻ አይፈጸምም፤ ሕፃኑን አቅፈን ወደ ክትባት ስንሄድ ከምድጃው ዳር የተቀመጡትን አያቱን አንርሳ።