ስለ ለምጽና ስለ ፀሐይ

የጨፋ ሮቢት ፀሐይ ብርቱ መሆኗን በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቃል። በእርሷ የልጁን ለምጽ ለማዳን የሚያስብ ወላጅ ቢኖር አስቀድሞ ይህን እንዲመለከት እንለምናለን።

በግብፅ አገር ለምጽ የወጣበትን ሰው በዓባይ ዳር ከሚበቅል ተክል ዘር መድኃኒት ሰጥቶ ፀሐይ ማሞቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ሐኪሙ አብደል ሞኒም ኤል ሞፍቲም በ1948 እ.ኤ.አ. መርምረው ጽፈውበታል። ዛሬ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ልኩ በታወቀ የመብራት ብርሃን ብቻ ያክማሉ።

በየጓሯችን ያለው ጤና አዳምም ያንኑ የመሰለ ነገር አለበት፤ በቡና መጠጣቱን አንነቅፍም። ነገር ግን ጭማቂውን ተቀብቶ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ገላው እሳት እንደ ነካው ውኃ ቋጥሮ ይቆስላል፤ የልጅ ገላማ ይልቁንም።

ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የነጣው ስፍራ በጥጥ ሲዳሰስ የማይሰማ እንደ ሆነ ግን የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና፤ ልጁን ከደሴ አጠገብ ወዳለው ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሳይዘገዩ መውሰድ ይገባል።