ማረሻን ያልናቀ መሐንዲስ

የእርሻ መሣሪያ አምራች ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚደቀነው ትራክተር ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲቋቋም ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የእርሻ መካኒክስ ነበር። ይሁንና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም በጣና ዙሪያ የሚኖረው አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው በሁለት በሬ፣ በሞፈርና በቀንበር ነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ መመልከት ስሕተት መሆኑን የአንድ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስና የመሠረቱት ድርጅት ታሪክ ያስረዳናል ብለን እናምናለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ፎገራንና ደንቢያን በክረምት ያየ ሰው ዋልካን ያውቀዋል። ይህ ጥቁር የሸክላ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ውኃው ከላይ ይተኛል፤ የሰብሉም ሥር አየር ያጣል። ለሩዝ ይህ ሠርግና ምላሽ ነው፤ ለስንዴ ግን ሞት ነው። ስለዚህ የዋልካ ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ዝናሙ እስኪያባራ ጠብቆ በቀረው ርጥበት ይዘራል፤ ታርሶ የከረመው ባዶ መሬትም ክረምቱን ሙሉ ለጎርፍ ይጋለጣል። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት በዚህ ዓይነት አፈር የተሸፈነ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ አካባቢ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋፊ መደብና ቦይ ያበጅ ነበር።

ይህን ድካም ለማቃለል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻዎችን አጣምረው መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ክብደቱ ግን በሬውንም አራሹንም አስቸገረ፤ እንደታሰበውም አልተስፋፋም።

በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በእርሻ መሣሪያዎች ላይ የሠሩት ዶክተር መለሰ ተመስገን በዚህ ጉዳይ ላይ የወሰዱት አቋም ነው እኛን የሚማርከን። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ በደልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ስለዚሁ ስለ ማረሻ ነበር። ማረሻ የሚያወጣው ትልም ከታች የጠበበ በመሆኑ በሁለት ትልሞች መካከል ያልታረሰ መሬት ይቀራል፤ ገበሬው ያን ለማግኘት አገላብጦ ያርሳል፤ በተዳፋት ላይ ደግሞ አንዱ እርሻ ቁልቁል ስለሚሄድ ትልሙ የጎርፍ መንገድ ይሆናል። ይህን ለማየት ማረሻን መውደድ ሳይሆን መለካት ያስፈልጋል።

ምሁሩ ጥናታቸውን አሳትመው ሊያበቁ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን አይባር ኢንጂነሪንግ የተባለ ድርጅት መሥርተው በአንድ ማረሻ ላይ የሚገጠም፣ መደብና ቦይ የሚያወጣ ቀላል የብረት መሣሪያ ማምረት ያዙ። ገበሬው ሞፈሩን፣ እርፉንና ቀንበሩን አይጥልም፤ የለመደውን ይዞ አንድ ነገር ይጨምራል። በእኛ አስተያየት የፈጠራው ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ሌላው መሣሪያቸው ጠለቅ አድርጎ የሚያርስ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው ሮቢት ባታ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው ይህኛው ከተለመደው ማረሻ የበለጠ ጠልቆ ወርዷል፤ ወደ አፈሩ የሚሰርገውም ውኃ ጨምሯል። ያልሰረገው ውኃ አፈሩን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ የጣና ልጆች ሆነን ልንጠይቅ አይገባንም።

ታዲያ የእኛ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ለምን ከቤተ ሙከራ መደርደሪያ አያልፍም? ገንዘብ አንዱ ምክንያት ነው። ነገር ግን ንቀትም አለበት። ለማረሻ ብረት የሚያወጣው ባለሙያ ለዘመናት «ቀጥቃጭ» እየተባለ የተሰደበ ነው፤ ያ ስድብ የዩኒቨርሲቲውን አጥር ዘሎ አልገባም ለማለት አንደፍርም። ስለዚህ የእርሻ መሣሪያ ንድፍ በሚገመገምበት ቀን ከመምህራኑ ጎን አንድ ገበሬና አንድ ብረት ሠሪ እንዲቀመጡ እንጠይቃለን። መሣሪያው በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ሲሰበር የሚጠግነው እርሱ ነውና።