ያረጀ ታንክ ወደ ማን ይሄዳል?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዩክሬን ጦርነት የአያቶቻችን ዘመን ታንክ ወደ ጦር ሜዳ መመለሱ ለብዙ ሰው መሳቂያ እንደ ሆነ እሰማለሁ። ከመጋዘን ወጣ፣ ዝገቱ ተራገፈ፣ ቀለም ተቀባ፣ ተላከ እየተባለ በየቡና ቤቱ ይቀለድበታል። እኔ በጋምቤላ ከተማ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ነገሩ አያስቀኝም። ምክንያቱን በጋዜጣዎ ዓምድ ያወጡልኝ ዘንድ በማክበር እለምናለሁ።

አስቀድሞ የሆነውን በትክክል ማወቅ ይገባል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ይሠራ የነበረውን ቲ-62 የሚባለውን ታንክ በ2014 ዓ.ም. ከመጋዘን አወጣች፤ በዓመቱ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወዲያው የተወለዱትን ቲ-54ንና ታናሹን ቲ-55ን አስከተለች። ይህን ያደረገች ግን እርሷ ብቻ አይደለችም። ስሎቬኒያ ያደሰቻቸውን 28 የቲ-55 ዘር ታንኮች ለዩክሬን ሰጥታለች፤ ጀርመንና ዴንማርክም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መሠራት የጀመረውን ሌዎፓርድ 1 ልከዋል። በየመንም ሂትለርን የወጋው ቲ-34 በቅርብ ዓመታት ሲተኩስ ታይቷል።

ይህ ሁሉ ከሞኝነት የመጣ አይደለም። አዲስ ታንክ ለመሥራት ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጦርነት ግን አይጠብቅም። አሮጌው ብረት ተሠርቶ የተቀመጠ ነው፤ ጥይቱም በየመጋዘኑ ተከምሯል፤ ሞተሩም በመንደር መካኒክ የሚፈታ ነው። ቲ-55 36 ቶን ያኽል ይመዝናል፤ የመድፉ አፍ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ከአዲስ ታንክ ጋራ ፊት ለፊት ቢገጥም ይሸነፋል፤ ነገር ግን ከኋላ ቆሞ እንደ መድፍ ሲተኩስ ዕድሜውን የሚጠይቀው የለም። ደግሞም ዛሬ በርካሽ ዋጋ የሚገዛ ድሮን አብራምስ የተባለውን የአሜሪካ ታንክ ሳይቀር ሲያቃጥል ስላየን፣ ለአሮጌውም ለአዲሱም ሞቱ አንድ ሆኗል። በነገራችን ላይ አሮጌው ታንኩ ነው እንጂ በውስጡ የሚቀመጡት አራት ሰዎች ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

እኛም ብንሆን ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ሶማልያ በቲ-55 ብቻ ሳይሆን በቲ-34 ጭምር ስትገፋ፣ የኛ ሠራዊት በአሜሪካኖቹ ኤም-41ና ኤም-47 ይመክት ነበር። ኋላ የሶቪየት ታንኮች ለኛም መጡልን። ይኸው ዓይነት ታንክ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ተማርኮ፣ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ። ታንክ ለገዛው መንግሥት የሚምለው መሐላ የለም።

ጋምቤላ ግን ይህን ጉዳይ ታንክ ሳይፈጠር ታውቀዋለች። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት፣ አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት ጠመንጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የሚባለው አዲስ ጠመንጃ ሲሠራ ውጅግራ ከፈረንሳይ ሠራዊት ተሰናበተ። የተሰናበተው ብረት ግን ወደ ማቅለጫ አልሄደም፤ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ሀገራችን ገባ፤ በዓድዋም ጥሩ አገልግሎት ሰጠ። ከዚያ ደግሞ ከደጋው ወደ ቆላው፣ በዝሆን ጥርስ እየተለወጠ እስከ ባሮና እስከ አኮቦ ወንዝ ወረደ። አኙዋኮች በዚህ ጠመንጃ ምክንያት የአካባቢውን ሚዛን ገለበጡ፤ ቀድሞ ኑዌሮች ሲገፏቸው የነበሩት ተመልሰው ገፊዎች ሆኑ። በ1904 ዓ.ም. የአኙዋው ባላባት አክዌይ ዋ ቻም ሰዎች ኦዶንጋ ላይ የእንግሊዝን ጦር ሲገጥሙ፣ መኮንኖች ጭምር ገደሉበት። በዓለም ትልቁ መንግሥት የላከው ጦር ፈረንሳይ በጣለችው ብረት ተመታ። የሚያስደንቀው፣ ያው የእንግሊዝ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጋራ በተዋዋለው መሠረት እዚሁ ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ተሰጥቶት፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ በመርከብ ቡና ይጭን ነበር። ወንዙ ቡናውን ወደ ታች ሲወስድ መሣሪያው በየብስ ይወርድ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ታንኩ እንመለስ። በመስከረም 2001 ዓ.ም. ፋይና የምትባል መርከብ ከዩክሬን ተነሥታ ወደ ሞምባሳ ስትጓዝ የሶማልያ የባሕር ወንበዴዎች ያዟት፤ በሆዷ 33 ቲ-72 ታንኮች ተገኙ። ኬንያ የኔ ናቸው አለች፤ ኋላ ግን ለደቡብ ሱዳን የታዘዙ መሆናቸው ታወቀ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የዶክተር ሪክ ማቻር ቤት በታንክ ተመታ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኛ በጋምቤላ ያለነው በጋዜጣ ያነበብነው አይደለም። በፓጋክ፣ በቡርቢዬና በአኮቦ በኩል ሰው ጎረፈ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልላችን ሕዝብ 307 ሺህ ያኽል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ስደተኛ ብቻውን ከ300 ሺህ በልጧል። ታንክ የሸጠችው ዩክሬን ራሷ 14 ዓመት ያኽል ቆይታ አሮጌ ታንክ ከስሎቬኒያ መቀበሏን ሳስብ፣ የዚህ ንግድ መንገድ ምን ያኽል ክብ እንደ ሆነ ይገርመኛል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ሲል ተከራከረኝ፦ የአውሮፓው ጦርነት አሮጌውን ብረት ሁሉ እየበላው ስለ ሆነ ወደ አፍሪካ የሚተርፍ አይኖርም፤ ስለዚህ ለኛ መልካም ነው። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ዳሩ ግን የገባው ገብቷል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ላይ የጦር መሣሪያ ዕገዳ ጥሏል፤ ዕገዳ አዲስ እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ ያለውን አያስወጣም። ብረት እንደ እህል አይነቅዝም። ደግሞም ታንክ ያልደረሰበት ቦታ ሌላው አሮጌ መሣሪያ ይደርሳል፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ዜጎቻችን ሲገደሉና ከ100 በላይ ሕፃናት ሲወሰዱ ገዳዮቹ ታንክ አልነበራቸውም። ክላሽንኮቭም ቢሆን እ.ኤ.አ. የ1947 ፈጠራ ነው።

ይህን ጽሑፍ በተለይ የላክሁት በአዲስ አበባ ዕቅድና በጀት ለሚያዘጋጁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ነው። የባሮና የሶባት ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በክረምት 36 ቶን ብረት ቀርቶ ባዶ ላንድክሩዘርም ይሰጥማል። ስለዚህ በዚህ አገር ከባድ መሣሪያ በብዛት የሚንቀሳቀሰው መሬቱ ሲደርቅ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። በ2017 ዓ.ም. ነጭ ጦር የሚባሉት ታጣቂዎች በድንበራችን አጠገብ ያለውን የናስርን የጦር ሠፈር የያዙት በየካቲት ማለቂያ ነበር፤ የሸሸው ሰውም ወዲያው ወደኛ ተሻገረ። የኛ በጀት ደግሞ የሚጸድቀው በሰኔና በሐምሌ፣ ጭቃው ጦሩን ባቆመበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ከጋምቤላ የሚላከው ሪፖርት ሁሉ «ጸጥታው የተረጋጋ ነው» ይላል፤ ሪፖርቱም ሐሰት አይደለም። እኔ የማመለክተው፣ ለስደተኛ መቀበያ፣ ለመድኃኒትና ለውሃ የሚያዘው የመጠባበቂያ ገንዘብ በሰኔ ጸጥታ ተለክቶ እንዳይቀነስ፣ ግማሹም ከጥር በፊት እንዳይነካ ነው። የመድኃኒቱ ጭነት ደግሞ መንገዱ ሳይበላሽ፣ ቢዘገይ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ ከአዲስ አበባ ቢነሣ ይበቃናል።

አክባሪዎ፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ጋምቤላ