ከመፋቅ መገልበጥ

ረጅም ድርሰቱን በኮምፒውተር ተይቦ «ሴቭ» የሚል ጸሐፊ ብዙ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ጽሑፉ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን ጥቂት። መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ።

የብራና ጸሐፊ ቃል ቢዘልል ብራናው ስለማይለጠጥ የተዘለለውን በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ አድቅቆ ይጽፋል፤ የተሳሳተውንም ይፍቃል። በዲስክ ላይ ያለ ፋይልም ጠባዩ የብራና ነው፤ ከመካከሉ ገብቶ ቦታ ማስፋት አይቻልም። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የገባው ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በልቦለዱ መግቢያ አንዲት «ም» የጨመረ ደራሲ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ በ3 ባይት ገፍቶታል፤ ተከታዩ በሙሉ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። በስክሪኑ ላይ ወዲያው የምናየው እርማት ገና ዲስኩ ላይ አልደረሰም።

አንዳንዱ ፕሮግራም በዚያው በአሮጌው ፋይል ላይ ይጽፋል። መካከሉ ላይ መብራት ከጠፋ አሮጌውም አዲሱም የለም። ጠንቃቃው ግን ሙሉውን በጊዜያዊ ፋይል ይገለብጥና፣ ሲያበቃ በአሮጌው ስም ይተካዋል። ፋይሉ ትልቅ ሲሆን ይህ ይዘገያል፤ ለጊዜውም እጥፍ ቦታ ይወስዳል።

ችኮላን የመረጠም ነበር። የቀድሞው ማይክሮሶፍት ዎርድ ለውጡን ብቻ ከፋይሉ መጨረሻ የሚቀጥልበት «ፈጣን ሴቭ» ነበረው። ፋይሉ ያብጣል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ደራሲው የሰረዘው ቃል በፋይሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀር ነበር፤ የሚያውቅበት ሰው ከፍቶ ያነብበዋል። እኔ የባንክ ሰው ነኝ፤ በእኛ መዝገብ ስህተት አይፋቅም፣ በሌላ ምዝገባ ይስተካከላል፣ አሮጌውም ለመርማሪ ይታያል። ለሒሳብ የሚበጀው ግን ለግጥም አይበጅም። ገጣሚ የጣለው ስንኝ ተጥሎ መቅረት አለበት፤ ማንም ከቆሻሻ ቅርጫቱ እየለቀመ እንዲያነብበት አይወድም። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው ዎርድ ይህ ዘዴ መቅረቱን እሰየው እላለሁ።

እዚህ አዲ አርቃይ መብራት ሳይናገር ይሄዳልና እኔ ዘገምተኛውን እመርጣለሁ። ረጅም ሥራ የያዘ ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ምዕራፍ በየራሱ ፋይል ቢያኖር መዘግየቱም አይሰማውም፤ ሦስተኛውን ሲያርም የሚገለበጠው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ የቀሩት አይነኩም።